ለክረምቱ ማዳበሪያ ብር ከየት ይምጣ? ባንክ፣ ማህበር፣ ስልክ፣ ዘመድና አራጣ ሲነጻጸሩ

ግንቦት ሲገባ የኔ ስልክ አያርፍም። ምንጃር ያሉት አጎቴ ይደውላሉ፣ አክስቴ ይደውላሉ፣ የአጎቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ቮይስ ይልካል፣ የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፣ ዘንድሮ የማዳበሪያውን ብር ከየት እናምጣው? እኔ የባንክ ሰው አይደለሁም፣ አዲስ አበባ አንድ ንግድ ቤት ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ግን ያው ቤተሰብ ውስጥ ካልኩሌተር የያዘ ሰው ሁሉ እንደ ባንክ ስራ አስኪያጅ ነው የሚታየው።

አምና ጋሼ (አጎቴን እንደዛ ነው የምንላቸው) አንድ ስልክ ተደወለላቸው። ረጋ ያለ፣ ጨዋ የሆነ ልጅ ነው አሉ፣ በስማቸው ጠርቶ «የግብርና ብድር 50,000 ብር ተፈቅዶልዎታል፣ ለአገልግሎት 1,800 ብር በዚህ ቁጥር ይላኩና ነገ ይገባልዎታል» አላቸው። ጋሼ ብሩን ለመላክ አረርቲ ሲወርዱ እግረ መንገዳቸውን ለኔ ደወሉና ተረፍን። ስለዚህ ይሄ ጽሁፍ ሁለት ነገር ነው፣ የትኛው ብድር ለየትኛው ገበሬ ይሻላል የሚለውና አበዳሪ መሳዩን ሌባ እንዴት እንደምንለየው። ሁለቱን ለያይቼ ልጽፍ ነበር ግን አይለያዩም፣ ብር የቸገረው ሰው ነው የሚታለለው፣ በተለይ ሰኔ ላይ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ሰው ብድር ሲያነጻጽር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ነው» ነው። እኔ እሱን ሶስተኛ ነው የማደርገው። የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ብሩ መቼ ይደርሳል (ጤፍ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ብሩ ነሐሴ ቢመጣ ምን ይሰራል)፣ በየትኛው ወር ይከፈላል፣ ጠቅላላ ስንት ብር ከእጄ ይወጣል፣ ምን ይያዝብኛል ወይም ከኔ ጋር ማን ይወድቃል፣ ዝናብ ቢቀር ምን ይሆናል። አምስት ናቸው። ስድስተኛው፣ አበዳሪው ቢሮና ደረሰኝ አለው ወይ የሚለው፣ ከሁሉም በፊት የሚታለፍ በር ስለሆነ ከቁጥር አላስገባሁትም።

የመክፈያው ወር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገበሬ አብዛኛውን ብር የሚያጣው እዛ ላይ ነው። ብዙ ብድር የሚሰበሰበው ታህሳስና ጥር ላይ ነው፣ እህል ሲወቃ። አበዳሪው ልክ ነው፣ ገበሬው እህል ያለው ያኔ ነው። ችግሩ ያኔ ሁሉም ገበሬ እህል አለው፣ ሁሉም ዕዳ አለበት፣ ሁሉም ገበያ ይወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ከዛ ክረምት ሲገባ ያው ጤፍ ተወድዶ ይገኛል፣ አንዳንዱ እንደውም የራሱን ጤፍ መልሶ ይገዛል።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመቸን ጤፍ በጥር ኩንታሉ 10,000፣ በሰኔ 12,500 ብር ነው እንበል፣ የእናንተን ገበያ ዋጋ አስገቡበት። 20,000 ብር ተበደርክ። አንደኛው አበዳሪ በዓመት 15 በመቶ ይልና በሰባት ወር ጥር ላይ መልስ ይላል፣ ወለዱ 1,750 ነው፣ 21,750 ለመክፈል ሁለት ኩንታል ከአስራ ሰባት ኪሎ ተኩል ትሸጣለህ። ሁለተኛው በዓመት 20 በመቶ ይልና ዓመት ሙሉ ይሰጥሃል፣ 24,000 ትከፍላለህ፣ ግን በሰኔ ዋጋ አንድ ኩንታል ከዘጠና ሁለት ኪሎ ነው። ወለዱ የተወደደው ብድር ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ አስቀረልህ ማለት ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ቀላል አይደለም፣ ለቤተሰብ የስንት ቀን እንጀራ ነው።

ይሄ ግን ለጤፍ ነው የሚሰራው። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ጎተራ ውስጥ ይቆያል። በቆሎና ማሽላ ላይ ይሄን ስሌት የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ አየር የማያስገባውን ከረጢት ይግዛ፣ ካልሆነ ትርፉን ነቀዝ ይበላዋል። ሽንኩርት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፣ ቶሎ ይበሰብሳል።

ሌላው «ፍላት» የሚባለው ነገር ነው። በየወሩ የሚከፈል ብድር ከሆነ ጠይቁ፣ ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብር ላይ ነው (ፍላት ማለት እሱ ነው) ወይስ በቀረው ዕዳ ላይ? 20,000 ብር በ18 በመቶ ለአንድ ዓመት በየወሩ እየተከፈለ፣ በመጀመሪያው ብር ላይ ከተሰላ ወለዱ 3,600 ነው፣ በቀሪው ላይ ከተሰላ 1,950። ሁለቱም ወረቀት ላይ «18 በመቶ» ነው የሚሉት! አንዴ በዓመት መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ ግን ልዩነት የለውም፣ ዝም ብላችሁ አትጨቃጨቁ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ከብድርና ቁጠባ ወደ ባንክ ያደጉት

አማራ ላይ አብቁተ የምንለው የነበረው ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው፣ ኦሮሚያ ላይ ስንቄ ባንክ፣ ደቡብ ላይ ኦሞ ባንክ። ስማቸው ተቀይሮ ታፔላው ቢያምርም ገጠር ድረስ የወረደ ብራንችና ገበሬውን የሚያውቅ ሰራተኛ ያላቸው እነሱ ናቸው። ብድሩ በቡድን ዋስትና ነው ብዙ ጊዜ፣ ማለት አምስት ስድስት ሆናችሁ ትፈርማላችሁ፣ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ። ጥሩነቱ መሬትም በሬም አይያዝም። መጥፎነቱ ጎረቤትህ ነው የሚያዘው። እኔ የማውቀው ቡድን ውስጥ አንዱ ልጅ ብሩን ይዞ ወደ አረብ አገር ሄደ፣ የቀሩት አራቱ ከፈሉ፣ እስከዛሬ ለቅሶ ላይ እንኳን ከአባቱ ጋር አይነጋገሩም። ቡድን ሲመሰረት ሰዉን እንጂ ዝምድናውን አትዩ።

እዚህ ላይ የሚጠየቀው፣ ከብድሩ ላይ ምን ምን ይቆረጣል? የአገልግሎት፣ የመድን፣ የግዴታ ቁጠባ። አክስቴ ከአንድ ተቋም 15,000 ፈርመው እጃቸው ላይ የደረሰው ከ14,000 በታች ነበር፣ ወለዱ ግን የሚሰላው በ15,000 ነው። ሲጠይቁ «ወረቀቱ ላይ አለ» ተባሉ። አዎ አለ፣ አራተኛ ገጽ ላይ። ማንበብ ለማይችል ሰው አራተኛ ገጽ ምኑ ነው?

የገጠር ቁጠባና ብድር ማህበር

ይሄ ለኔ ከሁሉም ቶሎ የሚረሳው፣ ግን ከሁሉም የሚሻለው ነው፣ ጥሩ ማህበር ካለ ማለቴ ነው። አባል ትሆናለህ፣ ዕጣ (የማህበሩን ድርሻ) ትገዛለህ፣ ወራት ትቆጥባለህ፣ ከዛ ብዙ ቦታ የቆጠብከውን ሁለት ሶስት እጥፍ ትበደራለህ። ወለዱን አባላት ናቸው የሚወስኑት፣ የሚከፈለውም ወለድ ማህበሩ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ የመክፈያውን ወር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መከራከር ይቻላል። ባንክ ላይ ሄደህ «ጥርን ወደ ሰኔ አድርጉልኝ» ብትል ማን ይሰማሃል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰኔ ላይ ሁሉም አባል በአንዴ ይመጣል፣ ካዝናው ባዶ ይሆናል፣ ስለዚህ መጋቢት ላይ ነው መመዝገብ። ሁለተኛ፣ ያንተ ቁጠባ እዛ ነው ያለው። ባንክ ውስጥ ያለ ብር ባንኩ ቢወድቅ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንዱ በኩል እስከ 100,000 ብር ይሸፈናል፣ የሰፈር ማህበር ግን እዛ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ ኦዲት መቼ ተደረገ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሊቀመንበሩ ከተቆጣ መልሱ እሱ ነው።

የስልክ ብድር

ቴሌብር ግንቦት 2013 ጀመረ፣ በ2014 ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የሚባሉትን ብድሮች አመጣ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ሚቹ የሚለው አለው። ዋስ የለም፣ ቢሮ የለም፣ ወረፋ የለም። የስልክህንና የቴሌብርህን አጠቃቀም አይቶ ማሽኑ ይወስናል። ችግሩ ገበሬ ስልኩን ብዙ ስለማይጠቀምበት የሚፈቀድለት ብር ትንሽ ነው፣ ማዳበሪያ አይገዛም። ደግሞ ቀኑ አጭር ነው፣ እሱ ነው ዋናው ነገር። ለምሳሌ 3,000 ብር ለ30 ቀን በ150 ብር ክፍያ ብትወስድ ትንሽ ይመስላል፣ 5 በመቶ ነው አይደል? ግን እህሉ የሚደርሰው ከሰባት ወር በኋላ ነው፣ በየወሩ እየከፈልክ መልሰህ ከወሰድክ 1,050 ብር ሆነ፣ በ3,000 ላይ! 35 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ የስልክ ብድር ለዘር ለማዳበሪያ አይሆንም። ለምን ይሆናል፣ በሬ ታሞ የእንስሳት ሐኪም ዛሬ ካስፈለገና ቅዳሜ ገበያ ላይ በግ ሸጠህ የምትመልስ ከሆነ። እንቁላልና ቅቤ በየሳምንቱ የምትሸጥ ሴትም ትጠቀምበታለች፣ ብሯ በየሳምንቱ ስለሚዞር።

ትልልቆቹ ባንኮች፣ በመሬት ደብተር ወይም በሚንቀሳቀስ ንብረት

ድሮ ገበሬ ንግድ ባንክ ገብቶ ብድር ቢጠይቅ «ቤት አለህ?» ነበር መልሱ። አሁን ሕጉ ተቀይሯል፣ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ። በአዋጅ 1147/2011 ከብት፣ ሰብል፣ ማሽን ማስያዝ ይቻላል፣ በገጠር መሬት አዋጅ 1324/2016 ደግሞ የመሬት የመጠቀም መብትን። ልብ በሉ፣ መሬቱ አይሸጥም፣ መሬት የመንግስትና የሕዝብ ነው፣ የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው፣ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ለተወሰነ ዓመት ያርሰዋል። አረንጓዴው ደብተር ላይ የባልና ሚስት ፎቶ አለ፣ ስለዚህ ሚስት ካልፈረመች የለም። ይሄን ወንዶች እንደ ጣጣ ያዩታል፣ እኔ ግን ብዙ ቤት ያዳነ ፊርማ ይመስለኛል።

ይሄ ብድር ለማዳበሪያ አይደለም፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ምልልሱ ብዙ ነው። የውሃ ሞተር ለመግዛት፣ በሬ ለማድለብ፣ እሱን ለመሰለ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉን አሟልታችሁ «አሁን ብድር የለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ሁሌ ሰበብ አይደለም፣ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፣ በታህሳስ 2017 ነው ወደ 18 ያላላው። ገደብ ሲኖር ባንኩ ያለውን ብር ለማን ይሰጣል? ለአስመጪው ነው እንጂ ለጋሼ አይደለም። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው የ2017ቱ አዋጅ ወጥቷል፣ ሰውም «ብድር ሊረክስ ነው» ይላል፣ እነሱ አረርቲ እስኪደርሱ ግን እኛ አንጠብቅም።

ወለድ በሃይማኖቱ ለማይሆንለት ሰው እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች አሉ፣ ሌሎቹም መስኮት አላቸው። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ነግሮህ ይሸጥልሃል። ጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ ብላችሁ ከወለዱ ጋር በብር አነጻጽሩ፣ በመቶኛ አይደለም።

እቁብና ዘመድ

እቁብ ወለድ የለውም፣ ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፣ ጥቅምት ላይ ቢወጣልህ ማዳበሪያ አይሆንም። ዳኛውን አነጋግሮ ሰኔን መቀየር ይቻላል፣ ቡናውን አስፈልቶ ማለት ነው። የዘመድ ብር ደግሞ ርካሽም ውድም ነው። አሜሪካ ያለች እህት የምትልከው ወለድ የለውም፣ ግን በየዓመቱ ከሆነ ብድር መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል። እኔ ለጋሼ ስሰጥ በጽሁፍ ነው፣ መጀመሪያ ተቀይመውኝ ነበር። ሕጉም እንደዛ ነው የሚለው፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሁፍ ካልሆነ ማስረዳቱ ከባድ ነው፣ ተበዳሪው አምኖ ካልተናገረ ወይ ካልማለ በቀር።

አራጣ፣ ወለድ አገድና በማሳ ላይ መሸጥ

እነዚህን ሰው አይመርጣቸውም፣ ይወድቅባቸዋል። አራጣ በወር 10 በመቶ ቢሆን ከሰኔ እስከ ጥር 70 በመቶ ነው፣ 20,000ው 34,000 ሆነ። በሕጉ ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ማለፍ አይችልም፣ አራጣ ወንጀል ነው፣ ስለዚህ አራጣ አበዳሪ ወለዱን አይጽፈውም። 20,000 ሰጥቶ «34,000 ተበድሬያለሁ» ብሎ ያስፈርማል። ያቺን ወረቀት ከፈረምክ በኋላ ፍርድ ቤት ወለድ ነበር ብሎ ማስረዳት ጭንቅ ነው።

ወለድ አገድን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ብሩን ትወስዳለህ፣ ሰውዬው መሬትህን ያርሳል፣ ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው፣ ዋናው ብር ግን አንድ ሳንቲም አይቀንስም። አምስት ዓመት አርሶትም 20,000ው 20,000 ነው። ከዚህ ይልቅ መሬቱን በኮንትራት ለአንድ ዓመት ሰጥቶ ብሩን መውሰድ ይሻላል፣ ቢያንስ ቀኑ ሲደርስ ምንም ሳትከፍል መሬትህ ይመለሳል። እህሉን ሳይታጨድ ለነጋዴ መሸጥም አለ፣ ነሐሴ ላይ በነጋዴው ዋጋ። እሱ ላይ የምለው የለኝም፣ ልጅ ሲታመም ሁሉም ይደረጋል።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ብሩ መቼ ይደርሳል | መክፈያው | የሚያዘው | ዝናብ ቢቀር | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ፀደይ፣ ስንቄ፣ ኦሞና መሰሎቹ | በጊዜ ከተመዘገቡ ለክረምት | ብዙ ጊዜ ከመኸር በኋላ | የቡድን ዋስትና | ማራዘም ይጠየቃል፣ ቡድኑ ይጨነቃል | ማዳበሪያና ዘር |
| የገጠር ማህበር | ካዝና ካለ ቶሎ | ጉባኤው የሚወስነው | ቁጠባና ዋስ | ለመነጋገር ይቀላል | ማዳበሪያ፣ እህል አቆይቶ መሸጥ |
| የስልክ ብድር | ወዲያው | አጭር | ምንም፣ ግን ስምህ ይመዘገባል | አያገባውም | የጥቂት ቀን ችግር |
| ትልቅ ባንክ | ወራት ሊፈጅ ይችላል | ረዘም ያለ | የመጠቀም መብት፣ ከብት፣ ማሽን | መሬቱን ሌላ ያርሰዋል | ሞተር፣ ማድለብ |
| እቁብ | በዕጣ | በየሳምንቱ ወይ በየወሩ | ዋስ | እቁቡ አይቆምም | ቋሚ ሳምንታዊ ገቢ ላለው |
| ዘመድ | እንደ ዘመዱ | እንደ ስምምነቱ | ፍቅር | ይታገሳል | ጎደሎ መሙያ |
| አራጣ፣ ወለድ አገድ | ዛሬ | መኸር፣ ወይም ማለቂያ የለውም | መሬት፣ ያበጠ ወረቀት | ዕዳው ይባዛል | ለማንም አይሆንም |

ለማን ምን

ግማሽ ሄክታር ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከሆነች ቡድን ውስጥ ከመግባቷ በፊት ማህበሩን ትሞክር፣ ቡድን ውስጥ ሌላው ሲጠፋ ቀድሞ የሚንኳኳው የደካማ በር ነው። መሬት የሌለው ወጣት በኮንትራት ለማረስ ከፈለገ በቡድን መበደር ይሻለዋል፣ የመሬቱን ኪራይና ማዳበሪያውን አንድ ላይ አስልቶ፣ ኪራዩን በአራጣ ማዳበሪያውን በባንክ የሚያደርግ ልጅ አይቻለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሰው ነው ያረሰው። ጥሩ ጎተራና ሁለት ሄክታር ጤፍ ያለው እንደ ጋሼ ያለ ሰው ወሩን ያስረዝም፣ ወለዱ ትንሽ ቢጨምርም። በመስኖ ሽንኩርት የሚሰራ ደግሞ ተቃራኒውን ያድርግ፣ አጭርና ርካሽ፣ ምርቱም በሦስት በአራት ወር ስለሚደርስ። 3,000 ብር ብቻ የጎደለው ሰው ለሱ ብሎ ቡድን አይግባ፣ አንድ ፍየል ይሽጥ።

ዝናብ ላይ አንድ ነገር፣ ኒያላና ኦሮሚያ ኢንሹራንስን የመሰሉ በዝናብ መጠን ወይ በሳተላይት ምስል የሚሰራ የሰብል መድን ሸጠው ያውቃሉ። በአካባቢያችሁ ካለ ጠይቁ፣ ግን የሚከፍለው የአንተ ማሳ ስለጠፋ ሳይሆን በአካባቢው የተለካው ቁጥር ስለወረደ ነው፣ በረዶ ያንተን ብቻ ቢመታው ላይከፍል ይችላል። ይሄን ሳይነግሩ የሚሸጡ አሉ።

አበዳሪ መሳዮቹ

አሁን ወደ ጋሼ ልጅ ልመለስ፣ ማለቴ ወደዛ ጨዋ ደዋይ። ስማቸውን ከየት አገኘ ብላችሁ አትገረሙ፣ ቴሌብር ላይ ስልክ ቁጥር ስታስገባ ስም ይመጣል እኮ። ስም ማወቅ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

የመጀመሪያው ህግ፣ እውነተኛ አበዳሪ የአገልግሎቱን ከሚሰጠው ብር ላይ ይቆርጣል፣ ወይም ቢሮው ውስጥ በደረሰኝ ይቀበላል (ማህበር ላይ የመመዝገቢያና የዕጣ አለ፣ እሱ ሌላ ነው)። በግለሰብ ስም ወዳለ ሂሳብ «አስቀድመህ ላክ» ያለ ሁሉ ሌባ ነው፣ በቃ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ፒን ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ የጠየቀም እንደዛው። ባንክ የራሱን ኮድ አንተን ምን ብሎ ይጠይቅሃል? ቴሌግራም ላይ በባንክ አርማ ተከፍቶ «የወጣቶችና የገበሬዎች ብድር፣ ሊንኩን ይጫኑ» የሚል ካየህ ብራንቹ ሄደህ ጠይቅ፣ ወይ ከንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ደውል። እነሱ ሲደውሉልህ ሳይሆን አንተ ስትደውል ነው ልዩነቱ።

ሁለተኛው በሬ ገበያ ላይ ነው። ገዢው ብሩን ላክሁ ይልና ኤስኤምኤስ ይደርስሃል፣ ልክ የባንኩን ይመስላል፣ ግን የመጣው ከግለሰብ ስልክ ነው። ወይም ስክሪንሻት ያሳይሃል። በሬውን ሳትለቅ *127# ወይም ንግድ ባንክ ከሆነ *889# ገብተህ ቀሪ ሂሳብህን እይ። ኔትወርክ ከሌለ በሬውም የለም። ገዢው ቢቆጣ ይቆጣ፣ እውነተኛ ገዢ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚሁ ጋር የሚሄደው «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ አባባ፣ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው፣ ብዙውን ጊዜ የገባ ብር የለም፣ ከራስህ ነው የምትልከው። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በባንኩ በኩል ነው የሚመለሰው እንጂ በደዋዩ ቁጥር አይደለም። አትንካው ደግሞ፣ መጋቢት 2016 ንግድ ባንክ ሲስተሙ ተበላሽቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣ በኋላ የሆነውን አይተናል፣ ያልመለሱት ሰዎች ፎቶ ብራንች በር ላይ ተለጥፎ ነበር።

ሦስተኛው ሌባ የማትጠረጥረው ነው፣ የሚያውቅህ ሰው። «አንተ አትበደርም አይደል፣ ስምህን ስጠኝ በስምህ ልውሰድ» የሚል። ባዶ ወረቀት ላይ አውራ ጣት የሚያስነካ። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይ የትምህርት ቤት መምህር ይዞ ይሂድ፣ «ቸኩለናል» ካሉት ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይዞ ይምጣ፣ ማንሳት ከከለከሉት ተወው። ከፈረሙ በኋላ ከባንክ ጋር ጭቅጭቅ ከመጣ መጀመሪያ ብራንቹ ላይ በጽሁፍ አቤት ማለት ነው፣ ቅጂውን ማህተም አስመትቶ፣ እነሱ ካልፈቱት ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ይቀበላል። በቃል የተባለ አቤቱታ የለም፣ እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው።

የዘንድሮው የኛ ቤት

ጋሼ ዘንድሮ ማዳበሪያውን በማህበሩ አደረጉ፣ መጋቢት ላይ ስለተመዘገቡ አገኙ፣ ግማሹን ጥር ግማሹን ሰኔ ሊከፍሉ። ዘሩ ከጎተራቸው ነው። የጎደለችውን እኔ ሞላሁ፣ በጽሁፍ፣ አሁን አይቀየሙም። ያልተስማማንበት የውሃ ሞተሩ ነው። እሳቸው ወንዙ ዳር ያለችውን ማሳ ለአንድ ሰው በወለድ አገድ ሰጥተው ብሩን ነገ ማግኘት ይፈልጋሉ፣ እኔ በደብተሩ ባንክ እንሞክር፣ ሁለት ሦስት ወር ቢፈጅም ለበጋው ይደርሳል አልኳቸው። ካልኩሌተሩን አውጥቼ ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ። እትዬ (የጋሼ ባለቤት) ሁለታችንንም ሰምተው ቡናውን ቀዱና «ማሳውንም ደብተሩንም አስቀምጡት፣ መጀመሪያ ሞተሩ ስንት እንደሚያወጣ አዳማ ሄዳችሁ ጠይቁ» አሉ። ዋጋውን ማንም አልጠየቀም ነበር። ማክሰኞ ልንሄድ ነው።